ጉሮኖ የፈረሰበት ውሻ

ማታ በጉ ወደ ጉሮኖ ሲገባ የላይ ጋይንት ውሻ ሥራ ይጀምራል። ቀን ላይ ላየው ሰው ሰነፍ ይመስላል። ከመንጋው ፈንጠር ብሎ ጅባራ ሥር ይተኛል፣ ዝንብ ሲያስቸግረው ጆሮውን ያራግፋል፣ እረኛው ልጅ በጎቹን ሊመልስ ሲሮጥ እንኳ ተነስቶ አያግዝም። ጀምበር ጠልቃ ከጉና ተራራ ብርዱ ሲወርድ ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። ጉሮኖውን ይዞራል፣ አጥሩ የሳሳበትን ቦታ ያሸታል፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አቅንቶ ይቀመጣል። ጅብ ከወንዝ ማዶ ሳለ የሚጮኸው ጩኸትና ጅቡ አጥር ሥር ሲደርስ የሚጮኸው ለየቅል ነው፤ የቤቱ ሰው በእንቅልፍ ልቡም ቢሆን ይለየዋል። በመጀመሪያው ይገላበጣል፣ በሁለተኛው ዱላውን ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ውሻ በመጽሐፍ የሰፈረ ነገር ጥቂት ነው። ዘሩን ቆጥሮ የመዘገበ የለም፤ የተለየ የዝርያ ስምም የለውም። ቁመቱ መካከለኛ፣ ጠጉሩ አጭር፣ መልኩ ብዙ ጊዜ ቡላ ወይም ዳማ ነው፤ ጥቁርና ዝንጉርጉርም አይጠፋም። በአንዳንድ ቤት ጆሮውን ገና በቡችላነቱ ይቆርጡታል። ከጋይንት እስከ ስማዳ፣ ከእስቴ እስከ ፋርጣ በግ ባለበት መንደር ሁሉ አለ፤ የሚጠብቀውም ደጋውን የለመደውን የፋርጣ በግ ነው። ጠላቶቹ ጅብና ተኩላ፣ በገደሉ በኩል ደግሞ ነብር ናቸው። በእሸት ወቅት ከልጆች ጋር ሆኖ ዝንጀሮ ያባርራል። ቤት አይገባም፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይደርስም፣ ስሙም ለስድብ ይውላል፤ እንዲህም ሆኖ ውሻ የሌለው ባለ በግ እንቅልፍ የለውም።

ይህን ያስጻፈኝ ግን ሥራው የጠፋበት ውሻ ነው። በጉ ሲሸጥ፣ ባለቤቱ ሲሞት ወይም አገር ጥሎ ሲሄድ ውሻው ሜዳ ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለው ውሻ ሁለተኛ ቤት ሊያገኝ ይችላል ብዬ አምናለሁ። የትኛው ውሻ ለየትኛው ቤት እንደሚሆን የሚለየው ዕውቀትም በጋይንት ገበሬ እጅ የኖረ ነው። ቡችላ ሲሰጥ በየጊዜው ይሠራበታል፤ ላደገ ውሻ ግን ማንም አላዋለውም።

አስቀድሞ ጠባዩን እንለይ። በዓለም ላይ የእረኛ ውሻ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መንጋ የሚነዳው ነው፤ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ድንበር አካባቢ የወጣው ቦርደር ኮሊ ከሁሉ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1873 ዌልስ ውስጥ ባላ በምትባል ከተማ እንዲህ ያሉ ውሾች በአደባባይ ተወዳድረዋል፤ የዛሬዎቹ ኮሊዎች ዘር ደግሞ በአብዛኛው በ1893 ከተወለደው ኦልድ ሄምፕ ከሚባል ውሻ ይመዘዛል። ሁለተኛው ዓይነት ከመንጋው ጋር እየኖረ የሚጠብቀው ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሬይመንድ ኮፒንገር የሁለቱን ልዩነት የሚያስረዳው ከአደን ተነስቶ ነበር። አዳኝ እንስሳ ያያል፣ ያደባል፣ ያባርራል፣ ይይዛል፣ ይገድላል። ሰው ኮሊውን እየመረጠ ሲያረባ ማየቱን፣ ማድባቱንና ማባረሩን አበርትቶ መያዙንና መግደሉን አደብዝዞበታል፤ በጉ የሚሸሸው የውሻውን ዓይን ፈርቶ ነው። በጠባቂው ውሻ ላይ ግን ይህ ሁሉ ከመነሻው ተኝቷል፤ በግ ሲሮጥ አይቶ ደሙ አይሞቅም። የጋይንቱ ውሻ ከዚህ ወገን ነው። መንዳቱ የልጁ ሥራ ነው። ቀን የተኛው ውሻ ጥሩ ውሻ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ በግ እየተከተለ የሚፈነጭ ውሻ አንድ ቀን ግልገል መንከሱ አይቀርም።

ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። የእናቱ ጠባይ በመንደሩ የታወቀ ስለሆነ «ስትወልድ አንድ ያዙልኝ» ተብሎ ቀድሞ ይነገራል። ከላይ ጋይንት ዋና ከተማ ከነፋስ መውጫ በላይ ባለ አንድ ግቢ ያየሁትን ላውጋችሁ። አባወራው ሽማግሌ ናቸው፤ ውሻቸው ወልዳ ቡችሎቹ መቦረቅ ጀምረዋል። ባሏ የሞተባት ጎረቤት ልትወስድ መጥታ ዓይኗ ደረተ ሰፊው ቡላ ወንድ ላይ አረፈ።

«አያ፣ ያን ቡላውን ስጡኝ፤ ደፋር ይመስላል።»

ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። አጓት በገበቴ አምጥተው መሬት ላይ አኖሩና ከጓዳው በር የታሰረች ግልገል ፈትተው ለቀቁ። ቡላው አፉን ከገበቴው ሳያነሳ አጉረመረመ፤ ግልገሏ ስትጠጋ ብድግ ብሎ ጥርሱን አሳያት። ከጎኑ የነበረችው ጥቁር ቡችላ ግን ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፣ የግልገሏን አፍ ላሰች፣ ከዚያ ተመልሳ መጠጣቷን ቀጠለች።

«እሱ ላንቺ አይሆንም» አሏት። «የሚድሁ ልጆች አሉብሽ። ለሱ ዱላ የያዘ ወንድ ያለበት ቤት ይፈለግለታል። ይችን ውሰጅ።»

«ሴት አይደለችም እንዴ አያ? ስትወልድ ምን ላደርጋቸው ነው?»

«ስትወልድ ንገሪኝ። የሚወስድ ሰው እኔ አፈላልጋለሁ።»

እዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ነገር ተሠርቷል። የውሻው ጠባይ ተፈትኗል፤ የተቀባዩ ቤት በልጆቹና በጉልበቱ ተመዝኗል፤ ሰጪውም ከሰጠ በኋላ ኃላፊነቱን አልጣለም። በውጭ አገር ውሻ አንስተው ለሰው የሚሰጡ ድርጅቶች በብዙ ገጽ ቅጽና በቤት ጉብኝት የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ቡችላው አዲሱ ቤት ሲደርስ ከጠቦቶች ጋር ያድራል። ከተወለደ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አብሮት ያደገውን ሁሉ ወገኑ አድርጎ ስለሚይዝ በግ መሀል ያደገ ውሻ በግን ወንድሙ ያደርጋል። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ትምህርት ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በሰው እጅ ብቻ ያደገን የከተማ ውሻ መንጋ ጠብቅ ማለት አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ፈረሰው ጉሮኖ። ላይ ጋይንት ዝናብ ሲያጥር የሚራብ ወረዳ ነው፤ የሴፍቲኔት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረውም ያለ ነገር አይደለም። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸጠው በግ ነው። ወጣቱ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል፣ አንዳንዱም ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይቀራል። እረኛው ልጅ ትምህርት ቤት ስለገባ በጉን የሚከተል ይጠፋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ደርሶ ከተማዋ ለቀናት በታጣቂዎች እጅ ስትወድቅ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ በእግሩ ሸሸ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ልጁን ያዝላል፣ የቻለ አህያ ይጭናል። ውሻውን የሚያስታውሰው ከተረጋጋ በኋላ ነው።

ባለቤት ያጣ ውሻ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባዶውን ጉሮኖ ሲጠብቅ ይከርማል። ከዚያ ረሃብ ወደ መንገዱ ያወጣዋል። ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ዳሩ የምግብ ቤትና የሉካንዳ ትራፊ አለበት፤ ውሻው እዚያ ይሰነብታል። ቀስ በቀስ ሌሎች ይቀላቀሉታል፣ በመንጋ ይሄዳሉ፣ ሌሊት ይናከሳሉ። ትናንት በግ ሲጠብቅ የነበረው ዛሬ ከመንጋው ጋር ሆኖ የሰው በግ ይነካል፤ ያን ጊዜ ማንም አይምረውም። ከተሞቻችን ባለቤት የለውም ያሉትን ውሻ መርዝ በተቀባ ሥጋ የመግደል ልማድ አላቸው። ሞቱ የሚያስጨንቅ ነው፤ የሚያየው ሕፃን ልቡ ይሰበራል። ጥቅምም የለውም፤ የተገደለው ውሻ ቦታ በወራት ውስጥ ባልተከተበ ሌላ ውሻ ይሞላል።

የእብድ ውሻ በሽታ ነገር እዚህ ላይ መነሳት አለበት፤ ያለ እሱ ውሻን ከቤት ወደ ቤት ስለማዘዋወር ማውራት ኃላፊነት የጎደለው ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን በሽታው የሚይዘው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ተቋምና እሱን የተኩት ተቋማት ለረጅም ዘመን ክትባቱን ከበግ አንጎል ያዘጋጁ ነበር፤ ሆዳቸው ላይ በየቀኑ ይወጉ የነበሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም ያስታውሱታል። አዲሱ ክትባት በጥቂት መርፌ ያልቃል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብና ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ መርፌውን ግን አይተው። የውሻው ክትባት ደግሞ ከሦስት ወሩ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። በአንድ አካባቢ ከመቶ ሰባው ውሻ ከተከተበ በሽታው መንገድ ያጣል።

በሽታው ሰው ላይ ብቻ አያበቃም። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በቅርብ አሥርት ዓመታት ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ቀይ ቀበሮ ይኖርበት ነበር። እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየገፋ ሲሄድ ጥቂት የቀሩት ቀበሮዎች መሸሻ አጡ። በሌሎች ተራሮች ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ቀርተዋል፤ ዋናው ስጋታቸው ከውሻ የሚጋባ በሽታ ነው። ባሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ስለዚህ በየዓመቱ የገበሬውንና የእረኛውን ውሻ ይከትባል። በዚያው በባሌ ሃፕስ በሚል አጠራር የሚታወቅ አገር በቀል ማኅበር ውሻን በመግደል ፋንታ ማምከንንና መከተብን ሞክሯል። ጉና ላይ ቀበሮው ካለቀ በኋላ ይህን ስጽፍ ያንገበግበኛል። ወሎ ደጋ ላይ የቀሩት ግን ከጋይንት ሩቅ አይደሉም።

ያደገ የእረኛ ውሻን ከቤት ጋር የማዛመድ ሥራ በዓለም ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ኮሊ ወስደው ያስመረራቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ውሻው ሥራ የለመደ ነው፤ ፎቅ ቤት ውስጥ ሲዘጋበት መኪና ያባርራል፣ ሕፃናትን እንደ በግ ይከብባል። ውሻ የሚታደጉ ማኅበራት እንዲህ ያለውን ውሻ ተቀብለው ለጊዜው አንድ ቤት ያሳድሩታል፣ ጠባዩን ይመዘግባሉ፣ ከዚያ ሰፊ ቦታና ጊዜ ላለው ሰው ይሰጡታል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የናሚቢያው ነው። ላውሪ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1990 የመሠረተችው የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ከ1994 ጀምሮ ከቱርክ የመጣ የእረኛ ውሻ እያረባ ለገበሬ ይሰጣል። ገበሬው ፍየሉ ስለማይበላበት አቦ ሸማኔውን አይተኩስም። ሠራተኞቹ ውሻውን ሰጥተው አይሄዱም፤ እየተመለሱ ያዩታል፣ ይከትቡታል፣ በደንብ ካልተያዘ ወስደው ለሌላ ይሰጡታል።

ለጋይንት ሰው ይህ ውል እንግዳ አይሆንበትም። የርቢ በግን እናውቃለን፤ ባለቤቱ እናቲቱን ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ግልገሉን ይካፈላሉ፣ ያዡ መያዝ ካቃተው ይመልሳል። ውሻም በዚሁ መንገድ ሊሰጥ ይችላል። ያዡ ይመግባል፣ ያስከትባል፤ መያዝ ካቃተው መንገድ ላይ አይጥልም፣ ለሰጪው ያስታውቃል። ሰጪው የቀበሌ ሰው፣ የእድር ዳኛ ወይም የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢሆን መዝገቡ አይጠፋም።

ማዛመዱ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ብዙ አይደለም፣ ግን ሐቀኛ መልስ ይፈልጋል። ውሻው ልጅ ለምዷል? ሰው ሲመጣ ይነክሳል ወይስ ይጮኻል ብቻ? ዶሮ ይበላል? ከሌላ ውሻ ጋር ይስማማል? በተቀባዩ በኩል ደግሞ ቤቱ ከመንገድ ዳር ነው ወይስ ከገደል አፋፍ? የተማሪዎች መተላለፊያ ነው? ቤቱ ውስጥ ለውሻ የሚተርፍ ቂጣና አተላ አለ? ተናካሽ ውሻ ገለል ያለ፣ በጉ የበዛና ጅብ የሚያስቸግረው ቤት ይስማማዋል። የሚጮህ እንጂ የማይነክስ ውሻ መንደር መሀል ላለ ቤት ይሆናል። መንጋ ነክቶ የሚያውቅ ውሻ ግን ዳግም መንጋ አይሰጠውም፤ የመጋዘን ወይም የእህል ወፍጮ ዘበኛ አጠገብ ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ መራራት በሚል ሰበብ ታሪኩን መደበቅ ትልቅ በደል ነው፤ ጦሱ በግ ባለው ድኃ ላይ ይወድቃል።

ርክክቡ ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ውሻ በአንድ ቀን ቤት አይለውጥም፤ በገመድ ጎትተው ያመጡት ውሻ በሁለተኛው ሌሊት ገመዱን በጥሶ ጋራ አቋርጦ ባዶ ጉሮኖው ደጃፍ ላይ ይገኛል። የሚሻለው ከአሮጌው ቤት የሚያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ የሚተኛበትን ያረጀ ባና ቁራጭ ይዞ መምጣት ነው። አንገቱን እንዳይልጠው ከገመድ ይልቅ ሰፊ ጠፍር ይታሰርለታል፤ የሚታሰረውም ከጉሮኖው ጎን፣ በጎቹን በሚያይበትና በሚያሸትበት ቦታ ነው። የሚያበላው ሰው አንድ ብቻ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ይህ የቤቱ እመቤት እጅ ነው። ጠዋትና ማታ በጠፍሩ ይዘውት የግቢውን ዳር ያዞሩታል። በጎቹም እሱን ይለምዱት ዘንድ ይገባል፤ መጀመሪያ ሰሞን አዲሱን ውሻ ሲያዩ ተጨናንቀው ይቆማሉ፣ ኋላ አጠገቡ ሆነው ያመነዥካሉ። ያ ሲታይ ውሻውን ቀን ቀን መፍታት ይጀመራል። አንዳንዱ በሦስት ሳምንት ይረጋጋል፣ ሌላው ሦስት ወር ይፈጃል። መጀመሪያ ሌሊት ዝም ያለ ውሻ አያሳስብም፤ ገና የማን ቤት እንደሚጠብቅ እያጠና ነው።

የሴት ውሻ ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። ማንም ሊወስዳት አይፈልግም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ የሚጣሉት ቡችሎች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፣ እነሱም እዚያው ይወልዳሉ። ማምከን የሚችል ሐኪም በየወረዳው እስኪገኝ ድረስ ያለው አማራጭ የሽማግሌው ቃል ነው፤ ሴቷን የሰጠ ሰው ለልጆቿም ቤት ማፈላለግ አለበት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች በአንድ የበጋ ወር ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያና ወገዳ እየዞሩ ቢከትቡና ቢያመክኑ ለነሱ ትምህርት፣ ለገበሬው እፎይታ ይሆን ነበር።

ያረጀው ውሻም ይረሳል። ጥርሱ ያለቀ፣ ጅብ መጋፈጥ የማይችል ውሻ ሲታይ ለማንም የማይጠቅም ይመስላል። ነገር ግን ቡችላ ከሰው ይልቅ ከትልቅ ውሻ ይማራል፤ መቼ መጮህ እንዳለበት፣ አጥሩ የት እንደሚያበቃ፣ ከግልገል ፊት እንዴት ፈቀቅ እንደሚባል የሚያየው ከሱ ነው። ስለዚህ ያረጀ ውሻ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው በቅርቡ ቡችላ የወሰደ ቤት ነው።